ሳይጮህ የተቆረጠ ብረት

ፊቱ በፍሬዛ የተስተካከለ የሞተር ቴስታታ ፊት ለፊት በሚወድቅ ብርሃን አይመረመርም። ወደ በሩ ይጠጋል፤ የጠዋት ፀሐይ በጎን እንድትዳስሰው ይደረጋል፤ ተመልካቹም ዐይኑን ከብረቱ ገጽ ጋር እኩል ያወርዳል። ያን ጊዜ ከላይ ሲያዩት ልሙጥ የመሰለው ብረት መስመር በመስመር ሆኖ ይወጣል። እያንዳንዱ መስመር ጎበጥ ያለ፣ ከጎረቤቱ እኩል የራቀ፣ ከዳር እስከ ዳር ያልተቆራረጠ ነው። ጎንደር ከቤተ መንግሥቶቿ ሌላ የምታሳየው የእጅ ጥበብ ካለ፣ አንዱ እዚህ፣ ሞተር በሚታደስባቸው በሬክቲፊካ ቤቶቿ ጠረጴዛ ላይ ነው።

መስመሮቹ የመቁረጫው ስለት በየዙሩ ያለፈባቸው መንገዶች ናቸው። ባለ አንድ ስለት መቁረጫ በደቂቃ 300 ዙር ሲዞር ጠረጴዛው በደቂቃ 30 ሚሊሜትር ቢጓዝ፣ ስለቱ በየዙሩ 0.1 ሚሊሜትር ይራመዳል፤ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ዐሥር መስመር ማለት ነው። የስለቱ ጫፍ 0.8 ሚሊሜትር ራዲየስ ካለው በሁለት መስመሮች መካከል የሚቀረው ጉብታ 1.6 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ይህን ማሽኑ ሳይነሣ በወረቀት ማስላት ይቻላል። እርምጃው እጥፍ ቢሆን ጉብታው አራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በጥሩ ገጽ ላይ የሚቀረው ሸካራነት ማሽኒስቱ አስቀድሞ የፈቀደው መጠን ነው። ከዚያ በላይ የታየ ነገር ሁሉ ሳይፈቀድለት የገባ ነው።

ጠጋ ብሎ ለሚያይ ሌላም ምስክር አለ። አንዳንድ ገጽ ላይ መስመሮቹ በሁለት አቅጣጫ እየተሻገሩ ይጠላለፋሉ። ይህ መቁረጫውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ስፒንድሉ፣ በጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ስለቱም ከፊት ሲቆርጥና ከኋላ ሲመለስ ብረቱን እኩል እንደዳሰሰ ያሳያል። መስመሮቹ ወደ አንድ ወገን ብቻ ከጎበጡ ግን ስፒንድሉ ጥቂት ዘንበል ብሏል። እንዲህ ያለ መዘንበል ገጹን መሀሉ ላይ በጥቂቱ ያጎደጉደዋል። አንዳንድ ባለሙያ የኋላው ስለት የተቆረጠውን ገጽ ዳግም እንዳይጭረው ብሎ ሆን ብሎ ያደርገዋል፤ ሆኖም ምን ያህል እንዳዘነበለ በዳያል ጌጅ ለክቶ ነው። የሚጠላለፈውንና ወደ አንድ ወገን ብቻ የጎበጠውን ገጽ በዐይን ብቻ መለየት መቻል ራሱ ሙያ ነው።

ይህ ሥራ በጎንደር የማይጠፋው በመልክዐ ምድሩ ምክንያት ነው። ከተማዋ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች። ወደ ምዕራብ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው የመተማ ቆላ ይወርዳል። ወደ ሰሜን ከ2,800 ሜትር በላይ ወዳለችው ደባርቅ ይወጣና በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ይወርዳል። ጭነት የያዘ ሞተር በአንድ ጉዞ የቆላውን ሙቀትም የደጋውን ዳገትም ይቀምሳል። ራዲያተሩ አፍስሶ ውሃው ከጎደለ ቴስታታው ከመጠን በላይ ይግላል፤ በተለይ አልሙኒየም ከሆነ ይጣመማል። ጓርኒሲዮኑ መያዝ ያቅተዋል፤ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ፤ መኪናው ተጎትቶ ይመጣል። ለብዙ ሞተሮች በጠቅላላው ርዝመት ላይ የሚፈቀደው መጣመም ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ነው። ከብዙ ስስ የብረት ንብርብር የሚሠራው የዛሬው ጓርኒሲዮን ደግሞ አማካይ ሸካራነቱ ከ0.8 ማይክሮን የማይበልጥ ገጽ ይፈልጋል። እንግዲህ ሾፌሩ ቸኩሎ፣ ባለንብረቱ ስልክ እየደወለ፣ ማሽኒስቱ የሚጠየቀው ነገር በማይክሮን የሚለካ ነው።

ያን ሁሉ ስሌት በአንድ አፍታ የሚያፈርሰው ንዝረት ነው።

ፍሬዛ በባሕርዩ የሚመታ መሣሪያ ነው። ጥርሶቹ ተራ በተራ ብረቱን ይነክሳሉ፣ ይለቃሉ። ባለ አራት ጥርስ መቁረጫ በደቂቃ 600 ዙር ሲዞር በሰከንድ 40 ጊዜ ይመታል። ይህ ምት የሚያመጣው መንቀጥቀጥ የሚጠበቅ ነው፤ ከምቱ ጋር ይነሣል፣ ከምቱ ጋር ይወድቃል። የሚያስፈራው ራሱን በራሱ የሚያሳድገው ነው። አንድ ጥርስ ሲያልፍ መቁረጫው ጥቂት ስለሚርገበገብ በገጹ ላይ ትንሽ ሞገድ ትቶ ይሄዳል። ተከታዩ ጥርስ የሚያገኘው ያን ሞገድ ያለበትን ገጽ ነው። ስለዚህ የሚያነሣው ብረት አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይሳሳል፤ የሚገጥመው ኃይልም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መቁረጫውም የባሰ ይርገበገባል፤ የባሰ ጥልቅ ሞገድ ይተዋል። በጠጠር መንገድ በአይሱዙ የተጓዘ ሰው ይህን በወገቡ ያውቀዋል፤ አንዱ ጎማ ባጎደጎደው ላይ ሌላው ይነጥራል፣ ሲያርፍም ጉድጓዱን ያጠልቀዋል፣ መንገዱም እኩል እኩል በተራራቀ ኩርብታ ይሞላል። ልዩነቱ በመንገዱ ላይ ወራት የሚፈጀው በብረቱ ላይ ከአንድ ሰከንድ በታች ማለቁ ነው።

በማሽኑ ላይ ያሉ ሰዎች ያን ጊዜ «ጮኸ» ይላሉ። ጩኸቱ ከተነሣ በኋላ ገጹ ይበላሻል፣ የስለቱ ጫፍ ይሸረፋል፣ ስፒንድሉን የያዙት ኩሽኔታዎች ይጎዳሉ። የተበላሸው ገጽ ግን የሚነበብ ነው። 200 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መቁረጫ በ300 ዙር ሲዞር ስለቱ በሰከንድ 3.14 ሜትር ይሄዳል። በመስመሩ ላይ የቀሩት ሞገዶች 30 ሚሊሜትር ቢራራቁ የሚርገበገበው ነገር በሰከንድ 105 ጊዜ ገደማ ይመላለሳል፤ ይህ የከባድ አካል፣ ማለትም የማሽኑ ራስ ወይም ዐምድ ድምፅ ነው። 5 ሚሊሜትር ብቻ ቢራራቁ ደግሞ ከ600 ጊዜ በላይ ነው፤ ይህ የቀጭን ነገር፣ የመቁረጫው ወይም በደንብ ያልተደገፈ የሥራው ጠርዝ ድምፅ ነው። ማስመሪያ ይዞ ሞገዱን የለካ ሰው ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ጥሩ ማሽኒስት ግን ገጹ እስኪበላሽ አይጠብቅም። ዋናው ሥራው ስለቱ ብረቱን ከመንካቱ በፊት ያልቃል፤ እኔም ቀርቤ ሳይ ይበልጥ የምመሰጠው በዚያ ጸጥ ባለ ሰዓት ነው። መጀመሪያ የሚያየው መቁረጫው ከመያዣው ምን ያህል እንደወጣ ነው። የወጣበት ርዝመት እጥፍ ቢሆን በተመሳሳይ ኃይል መተጣጠፉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ ከ10 ወደ 12 ሚሊሜትር ብቻ ቢያድግ ግትርነቱ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ የአንድ ጣት ስፋት ያህል መልሶ ማስገባት በዐይን ለሚያይ ተራ ነገር ቢመስልም ከብዙ ብልሃት ይበልጣል። ቀጥሎ ለዚያ ቆረጣ የማይንቀሳቀሱትን መንሸራተቻዎች አንድ በአንድ ይቆልፋል። ያረጀ ማሽን ላይ ጠረጴዛውን የሚገፋው ብሎን ስለሚላላ፣ መቁረጫው ሥራውን ወደራሱ እንዳይነጥቅ አቅጣጫውን ይመርጣል።

ከዚያ ማሰሩ ይመጣል። የተጣመመን ቴስታታ በኃይል ጨቁኖ ቀጥ አድርጎ ማሰር ቀላል ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ሲፈታ ግን ወደ ጠማማነቱ ተመልሶ አዲሱን ገጽ ይዞት ይጣመማል። የሚያውቅ እጅ ከሥር ክፍተቱን ፈልጎ በዚያው ልክ ስስ ብረት ይደግፍበታል፤ ያለው ቅርጽ ሳይጨቆን እንዲቀመጥ ያደርጋል። ከድጋፎቹ ሥር ቁራጭ ወረቀት አስገብቶ ካጠበቀ በኋላ ይስበዋል። ወረቀቱ ከወጣ ሥራው እዚያ ጋ አልተቀመጠም፤ ያልተቀመጠ ነገር ይርገበገባል። ከዚያ መቁረጥ ይጀመራል።

ተማሪ ሥራ የለመደ ሲመስለው የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነው።

«ጋሼ፣ ጮኸ! ፊዱን ልቀንሰው?»

«ፊዱን ተወው። መጀመሪያ ስማው። ወፍራም ነው ቀጭን?»

«ወፍራም ነው።»

«እንግዲያው መቁረጫው አይደለም። አንድ ማርሽ ዝቅ አድርግ።»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ብዙ እውቀት አለ። ፊድ፣ ማለትም የጠረጴዛውን እርምጃ፣ መቀነስ የፈሪ መፍትሔ ነው፤ ስለቱ የሚነክሰው ሲያጣ ብረቱን ያሻሻል፣ ማሻሸቱም ራሱ ጩኸት ያመጣል። ድምፁን መለየት ደግሞ በማስመሪያ የተለካውን ነገር በጆሮ መለካት ነው። ማርሽ መቀየሩ ከሁሉ የረቀቀው ነው፤ የንዝረት ሳይንስ ለመቶ ዓመት ያህል የደከመበትም ይህንኑ ነው።

አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ቴይለር ስለ ብረት መቁረጥ የጻፈው ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1907 ሲታተም፣ ይህን ጩኸት ማሽኒስት ከሚገጥሙት ችግሮች ሁሉ ስውሩና አስቸጋሪው አድርጎ ነበር ያስቀመጠው። ለሁኔታው ሁሉ የሚሠራ ደንብ ሊያወጣለት አልቻለም። በ1958 እንግሊዝ አገር ተመራማሪዎቹ ቶቢያስና ፊሽዊክ፣ በ1963 ደግሞ የቼኮዝሎቫኪያዎቹ ትሉስቲና ፖላቼክ፣ ቁልፉ ያለፈው ቆረጣ ለሚቀጥለው የሚተወው ሞገድ መሆኑን በሒሳብ አሳዩ። በ1995 ካናዳ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት አልቲንታሽና ቡዳክ ይህን ለፍሬዛ የሚያገለግል ቀጥተኛ ስሌት አደረጉት። ጫፉ ላይ የኃይል መለኪያ ባለው ትንሽ መዶሻ የቆመውን መቁረጫ መታ ያደርጋሉ፤ በላዩ የተለጠፈ መለኪያ እንዴት እንደሚርገበገብ ይመዘግባል፤ ከዚያ በምን ያህል ዙር ምን ያህል ጥልቀት ሳይጮህ መቁረጥ እንደሚቻል የሚያሳይ ካርታ ይወጣል።

ካርታው ላይ ታች ያለው ወሰን በየትኛውም ዙር ደኅና የሆነ ጥልቀት ነው። ከዚያ በላይ ግን በየመካከሉ ወደ ላይ የሚወጡ ጠባብ ክፍተቶች አሉ፤ እዚያ ዙሩን ያገኘ ሰው ብዙ እጥፍ ጠልቆ መቁረጥ ይችላል። ክፍተቶቹ የሚገኙት በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው የሞገድ ቁጥር ሙሉ ሲሆን ነው። ከላይ ያለውን ወፍራም ድምፅ እንውሰድ። በ600 ዙር ባለ አራት ጥርሱ መቁረጫ በሰከንድ 40 ጊዜ ይመታል። ማሽኑ በሰከንድ 105 ጊዜ ቢርገበገብ በሁለት ምት መካከል 2.6 ሞገድ ይገባል፤ አዲሱ ሞገድ ከአሮጌው ጋር አይገጥምም፣ ውፍረቱ ይለዋወጣል፣ ጩኸቱ ይመገባል። ዙሩ ወደ 525 ቢወርድ ምቱ በሰከንድ 35 ይሆናል፤ 105 ለ35 ሲካፈል ልክ 3 ነው። አዲሱ ሞገድ በአሮጌው ላይ ተገጣጥሞ ያርፋል፤ የሚነሣው ብረት ውፍረት እኩል ይሆናል፤ ንዝረቱም የሚበላው ያጣል። ጋሼ «አንድ ማርሽ ዝቅ አድርግ» ሲል የመራው ወደዚህ ክፍተት ነው።

ስሌቱ የት እንደማይረዳም ያው ካርታ ይናገራል። በሰከንድ 800 ጊዜ የሚርገበገብ ቀጭን ባለ አራት ጥርስ መቁረጫ ሰፊ ክፍተቶቹን የሚያገኘው በ12,000፣ በ6,000፣ በ4,000 ዙር ነው። በ600 ዙር አካባቢ ያሉት ክፍተቶች ግን እጅግ ተጠጋግተዋል፤ ከ600 ቀጥሎ ያለው 571 ነው። በዝቅተኛ ዙር በሚሠራ አሮጌ ማሽን እዚያ መሀል መምረጥ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ለቀጭኑ ጩኸት መድኃኒቱ ማሳጠር፣ ማወፈር፣ መደገፍ ነው፤ ለወፍራሙ ደግሞ ማርሽ። የሬክቲፊካ ቤቱ ጆሮና የምርምር ቤቱ ካርታ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ዐይን ወደ ቁስቋም መውጣት ሌላ ነገር ያሳያል። እቴጌ ምንትዋብ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1730 እና በ1755 መካከል፣ ከከተማዋ በሰሜን ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምንና ቤተ መንግሥታቸውን አሠሩ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1888 በደርቡሽ ወረራ ተቃጥሎ ኋላ እንደገና ተሠራ፤ የቤተ መንግሥቱ ግድግዳዎች ፈርሰውም ዛሬ ድረስ ውበታቸውን አልጣሉም። ግድግዳው በኖራ የተያያዘ ጥቁር ድንጋይ ነው። በላዩ ላይ የወጡት መስቀሎች ግን ከእሳተ ገሞራ አመድ ከጠጠረ ቀላ ያለ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው። ጥቁሩ ድንጋይ ጥቅጥቅና ጠንካራ ስለሆነ ክብደት ይሸከማል። ቀዩ ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ መሮ ይቀበላል፣ የምቱንም ኃይል በውስጡ ይውጣል። በጥቁሩ ላይ ቀጭን የመስቀል ክንፍ ለማውጣት የሚሞክር ሰው በእያንዳንዱ ምት ጠርዙን የመስበር አደጋ አለበት። ጠራቢዎቹ ለየሥራው የሚሆነውን ድንጋይ የመረጡት መሮው ከመነሣቱ በፊት ነው። የፍሬዛ ማሽን አካል ከብረት ቅልጥ የሚሠራውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ በውስጡ የተበተነው ስስ ግራፋይት ንዝረትን ይውጣል።

ከዚህም የጠለቀ ዝምድና አለ። የሰው እጅ መሮን ሲመታ ሁለት ምት በፍጹም እኩል አይሆንም፤ አንዱ ጥቂት ይቀድማል፣ ሌላው ጥቂት ይዘገያል። ያለፈው ምት የተወው ነገር የሚቀጥለውን እየመገበ እንዲያድግ ደግሞ ምቶቹ እኩል መራራቅ አለባቸው። ማሽን በእኩልነቱ ምክንያት የሚጮኸውን ያህል እጅ በአለመመጣጠኑ ምክንያት ይድናል። የብረት መቁረጫ ሠሪዎች ይህን ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሒሳብ ደረሱበት። ዛሬ ጥርሶቻቸው እኩል ያልተራራቁ መቁረጫዎች ይሸጣሉ፤ አራቱም በ90 ዲግሪ ከመቀመጥ ይልቅ ለምሳሌ አንዱ በ88፣ ሌላው በ92 ይቀመጣል፣ ሞገዱም መገጣጠሚያ አጥቶ ይበተናል።

ጎንደርን ካነጹት ግንበኞች፣ አናጢዎችና አንጥረኞች መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። መሮና መዶሻ የሚቀጠቀጠው በእንደነሱ ባሉ ባለ እጆች ነበር፤ ማኅበረሰቡ ግን ሥራቸውን እየፈለገ ስማቸውን ያጠለሽ፣ ቡዳ እያለ ያርቃቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ነውሩ ሥር ስለሰደደ ነው። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እገዛ ተከፍቶ የአገር ልጆችን በብረታ ብረት ሙያ ሲያስተምር ያ ነውር ከባድ ምት ተመታ። ሆኖም አድናቆታችን ዛሬም ሙሉ አይደለም። የቁስቋምን መስቀል ፎቶ የሚያነሣ ሰው ከኮረብታው በታች ቴስታታ የሚያስተካክለውን ሰው «ሜካኒክ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

የዋጋ ክርክሩም ከዚህ ይመጣል። ባለንብረቱ 0.15 ሚሊሜትር ብቻ እንደተነሣ ሲሰማ ገንዘቡ ይበዛበታል፤ የከፈለው ለተነሣው ብረት ይመስለዋል። የከፈለው ግን በገጹ ላይ ላልተፈጠረው ሞገድ ነው፤ ለተመለሰው የጣት ስፋት፣ ለተቆለፈው መንሸራተቻ፣ ለተሳበው ወረቀት፣ ለተሰማው ድምፅ ነው። ጥሩ ሥራ ያስቀረውን ጥፋት አያሳይም፤ ስለዚህ የሚያደንቅ ሰው ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ማወቅ አለበት።

ይህ እውቀት በአንድ ሰው ጆሮ ውስጥ እንዳይቀር ማድረግ ዛሬ ይቻላል። የማሽኑን ድምፅ ድግግሞሽ በኪስ ስልክ መለካት ይቻላል። ያንን ቁጥር በ60 አባዝቶ፣ ለጥርሶቹ ቁጥር አካፍሎ፣ ውጤቱን ደግሞ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እያካፈሉ መሄድ ነው፤ ከሚወጡት ዙሮች ማሽኑ ላይ ላለው ማርሽ የቀረበውን መሞከር። ከዚያ መጻፍ፦ መቁረጫው፣ የወጣበት ርዝመት፣ የጥርሶቹ ቁጥር፣ ዙሩ፣ ጥልቀቱ፣ ጮኸ ወይስ አልጮኸም። የቁስቋም ግድግዳ የጠራቢውን ውጤት ያሳየናል፤ መሮው በስንት ማዕዘን እንደተያዘ አይነግረንም። ማሽኒስቱ ግን ውጤቱንም መንገዱንም ለተማሪው ማውረስ ይችላል፤ በጎንደር ያለ ሬክቲፊካ ቤት ሁሉ ከሞርሳው አጠገብ እንዲህ ያለ ደብተር ሊኖረው ይገባል። ተማሪውም ጌታው በሃያ ዓመት የደረሰበትን በአንድ ክረምት ይዞ፣ ጌታው ያልደረሰበትን ለመፈለግ ጊዜ ያገኛል።